የደብረ ዘይት ጓዳ

ዛሬ ደብረ ዘይት ነው። ከዐቢይ ጾም 55 ዕለታት 27ቱ አልፈዋል፤ 27ቱ ይቀራሉ፤ የዛሬዋ 28ኛዋ ዕለት በመካከል ቆማለች። ስለዚህም «እኩለ ጾም» ትባላለች። ጌታ በደብረ ዘይት ተራራ ተቀምጦ ስለ ዳግም ምጽአቱ ለደቀ መዛሙርቱ ያስተማረው ትምህርት በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይነበባል፣ ይተረጐማል፤ ሊቃውንቱም ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ለሰንበቱ የመደበውን ያደርሳሉ።

ምእመኑ ከቅዳሴ ተመልሶ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ እኩሌታ ይጠብቀዋል። በቅበላ ሰሞን እስከ አፉ ሞልቶ የነበረው የሽሮ ዕቃ ተጋምሷል። የበርበሬው ማሰሮ ጐድሏል። የዘይቱ ጀሪካን ሲያነሡት ከተገመተው በላይ ይቀላል። የዕለቱ ስም በቀጥታ ሲፈታ የወይራ ዘይት ተራራ ማለት መሆኑን ያስታወሰ አባወራ በዚህ ሰሞን ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ፈገግታው ግን ከልብ መሆኑ ያጠራጥራል።

«ሁዳዴ ለኪስ ዕረፍት ነው» የሚል ሰው በየሠፈሩ አይጠፋም። ሥጋ የለም፤ ቅቤ የለም፤ ወተትና እንቁላል የለም፤ ሥጋ ቤቶቹም አብዛኞቹ ተዘግተዋል። ታዲያ ወጪው ከየት ይመጣል? ይህን ጥያቄ የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ማጀት የማይገቡ ሰዎች ናቸው። እኛም በዚህ የበዓል ገጽ ስለ ዕለቱ ታላቅ ምሥጢር ሊቃውንቱ የሚሉትን ለሊቃውንቱ ትተን፣ የእናቶችን ጥያቄ፣ የጓዳውን ሒሳብ ለማየት ወደድን። መንፈሳዊውና ሥጋዊው በአንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ናቸውና፣ የጓዳው ሒሳብ ከጾሙ የተለየ ጉዳይ አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሥጋ የሚገባበት፣ ልጆቹ በየማለዳው ወተት የሚጠጡበት፣ ወጡ በለጋ ቅቤ የሚሠራበት ቤት በጾም ወራት ወጪው ሊቀንስ ይችላል። የብዙው ቤተሰብ ኑሮ ግን እንዲህ አይደለም። አብዛኛው የከተማ ሠራተኛና አብዛኛው ገበሬ ሥጋ የሚቀምሰው በዓመት በዓል ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚበላው ሽሮና ምስር፣ ጎመንና ድንች ነው። ለእንዲህ ያለው ቤት ፍስኩና ጾሙ የሚለያዩት በድስቱ ውስጥ ባለው እህል አይደለም፤ እህሉን በሚያቁላላው ስብ ነው። በፍስክ ወራት አንዲት ማንኪያ ቅቤ ጣል ይደረግበት የነበረው ሽሮ በጾም ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ የዘይት ዋጋ ሲወጣ ጾሙ ከፍስኩ ይልቅ ውድ ሆኖ ያርፈዋል። ድኻው የሚያተርፈው የሥጋ ገንዘብ ከመጀመሪያውም አልነበረውምና።

ይህ በግልጥ የታየው በ2014 ዓ.ም. ሁዳዴ ነበር። ጾሙ የካቲት 21 ቀን ገባ፤ በዚያው ሰሞን የምግብ ዘይት ዋጋ ተተኰሰ። በአዲስ አበባ ገበያ የአምስት ሊትር ጀሪካን ዋጋ ከ1 ሺህ ብር አለፈ፤ በብዙ ሱቆችም ዘይት ከመደርደሪያ ጠፋ። አገራችን የምትጠቀምበት የምግብ ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ታላላቆቹ የሱፍ አበባ ዘይት አምራቾች ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት የገጠሙት በዚያው የካቲት ነበር፤ ኢንዶኔዥያም የፓልም ዘይቷን ወደ ውጭ መላክ ከሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. አጋማሽ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት አግዳ ነበር። በሩቅ ባሕር ማዶ የሆነው ነገር ከጉለሌ እስከ ቃሊቲ ባለው ማጀት ውስጥ በአንድ ሳምንት ተሰማ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ የተከተለውን መንገድ አንባብያን ያውቁታል፤ መዘርዘር አያሻም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ነፍስ ያለበት አንድ ቤት በቀን ሁለት ዓይነት ወጥ ይሠራል እንበል፤ አንድ ሽሮ፣ አንድ ምስር ወይም አትክልት። ለእያንዳንዱ ቁሌት 100 ሚሊ ሊትር ዘይት ቢገባ፣ ይህም በከተማ ቤት ብዙ የሚባል አይደለም፣ የቀኑ 200 ሚሊ ሊትር ይሆናል። በ55 ቀን 11 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ያልቅና ሦስተኛው ይከፈታል። ከዚህ ላይ ሽንኩርቱን ጨምሩ፤ ቁሌት ያለ ሽንኩርት አይሆንምና። ሽንኩርት ደግሞ ወደ ትንሣኤ ሲቃረብ ዋጋው ከዶሮው ጋር አብሮ የሚነሣ መሆኑ የታወቀ ነው።

ይህን ሒሳብ ይዘን በጉለሌ ወደምትኖር አንዲት ጎረቤታችን ቤት ሄድን። የቢሮ ሠራተኛ ናት፤ ሦስት ልጆች አሏት፤ አማቷም ከጎጃም መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። «እኔማ ዘንድሮ ዘይቱን በማንኪያ እየለካሁ ነው» አለችን። አማቷ በጥግ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበርና ሣቅ አሉ።

«እማማ፣ ምን አሳቀዎ?» አልናቸው።

«ኧረ እንዲያው ነው ልጆቼ። በእኛ ጊዜ ሁዳዴ ሲገባ ዘይት ማን ያውቅ ነበር? ዘይቱ እሱ ውስጥ ነበረ» ብለው በበሩ ጥግ የቆመውን ሙቀጫ በእጃቸው አመለከቱን።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል እንጂ የጾም ምግባችንን ታሪክ በአጭሩ የያዘ ቃል ነው። የአባቶቻችን የጾም ማዕድ ስቡን የሚያገኘው ከጀሪካን ሳይሆን ከእህሉ ነበር። ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍ፣ ሰሊጥ፤ እነዚህ ከክብደታቸው ሲሶው ወይም ከዚያም በላይ የሚሆነው ዘይት ነው። ተልባ በምጣድ ለጥቂት ጊዜ ይታመሳል፤ ፈንደድ ፈንደድ ማለት ሲጀምር ይወርዳል፤ ይወቀጣል፤ በወንፊት ይነፋል፤ በውሃ ተበጥብጦ ጨውና ሚጥሚጣ ወይም ቃሪያ ይገባበትና እንጀራ ይፈተፈትበታል። ሱፍ ይቀቀላል፤ ይወቀጣል፤ በውሃ ይታሽና ይጠለላል፤ የሚወጣው ነጭ ውሃ ወተት ይመስላል። ስልጆውም የባቄላ ዱቄት በዚያው የሱፍ ውሃ ተሠርቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ጥቂት ቀን ሲብላላ የሚገኝ ነው። አዚፋም ከድፍን ምስር፣ ከሰናፍጭ፣ ከቃሪያና ከሎሚ የሚሰናዳ ነው። በነዚህ ሁሉ ውስጥ ቁሌት የለም፤ ወይም ጥቂት ነው። ዛሬ በየምግብ ቤቱ ትሪ ዙሪያ በጭልፋ ጭልፋ እየተጨለፉ የሚቀርቡት፣ በዘይት ላይ የተንሳፈፉ ወጦች፣ የከተማ ልማድ ናቸው እንጂ የጾሙ ጥንታዊ መልክ አይደሉም።

ስለዚህ «ወደ ሙቀጫው እንመለስ» ማለት ቀላል ነበር። ይህን የሚሉ ጸሐፊዎችንም አንብበናል። ምራቲቱ ግን የነገሩን ሌላ ፊት አሳየችን። «እማዬ እውነታቸውን ነው» አለች፤ «ነገር ግን እኔ ከቢሮ ወጥቼ ትራንስፖርት ተሰልፌ ቤቴ ስደርስ መሽቷል። ተልባውን ማን ይወቅጠዋል?»

የጾሙ ምግብ ለገንዘብ ርካሽ የነበረው ለጕልበት ውድ ስለ ነበረ ነው። ጕልበቱም የሴቶች ነበር። የሽሮን ጉዳይ ብቻ እንውሰድ። ሽምብራው፣ አተሩና ባቄላው ይለቀማል፤ ይዘፈዘፋል ወይም ለጥቂት ጊዜ ይገነፍላል፤ በፀሐይ ይሰጣል፤ በምጣድ ይታመሳል፤ ይከካል፤ ገለባው ይበጠራል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተልጦና ተወቅጦ ይደርቃል። በርበሬው፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው፣ ነጭ አዝሙዱና ጥቁር አዝሙዱ በየወጉ ተሰናድቶ ይቀላቀላል። ከዚያም ወደ ወፍጮ ቤት። ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ ያውም ፀሐይ ስትገኝ ነው። ወንዶች አባቶቻችን በገበታ ቀርበው «ይህ ሽሮ ይጣፍጣል» ሲሉ ያመሰገኑት የስንት ቀን ድካም እንደ ሆነ ማን ቆጠረው? ጾም ርካሽ ነው የሚለው አነጋገር እንግዲህ አንዱን ወጪ ሳይመዘግብ የተሠራ ሒሳብ ነው።

ጎረቤታችን ቤት መፍትሔው ከተጠበቀው ቦታ መጣ ለማለት አንደፍርም፤ ከልጆቹ ነው የመጣው። ታላቁ ልጅ የ15 ዓመት ጐረምሳ ነው። አያቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘነዘናውን ያስይዙታል። መጀመሪያ አኵርፎ ነበር አሉ፤ «የሴት ሥራ» ብሎ። አያቱም የመለሱለትን ነገሩን፦ «ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ የማን ሥራ ነበር?» አሉት። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ተልባና ሱፍ እሱ ይወቅጣል፤ እናቱም የሳምንቱን ቁሌት በአንድ ጊዜ አብስላ በማቀዝቀዣ ታስቀምጣለች። ምስሩንም ክኩን ትታ ድፍኑን ትገዛለች፤ ድፍኑ ይቀንሳልና። በጾሙ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ጀሪካን ጨርሳ የነበረችው ሴት ሁለተኛውን እስከ ደብረ ዘይት አድርሳዋለች።

ስለ ዕቃም አንድ ነገር እንበል። በየቤቱ የጾምና የፍስክ ድስት መለየቱ ለሥርዓቱ ብቻ አይደለም፤ ለሥራውም ይበጃል። የሸክላ ድስትና የእንጨት ማማሰያ ቅቤ የሚመጥጡ ናቸው፤ የቱንም ያህል ቢታጠቡ ሽታው አይለቅም። ሁለት ድስት ለመግዛት አቅም የሌለው ቤት ብረት ድስቱን በአመድና በፈላ ውሃ ፈትጎ ይጠቀማል፤ ይህም ነውር የለበትም።

ከቤት ውጭ የሚውል ሰው ችግር ሌላ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ከሥራ ቦታው አጠገብ በያይነቱ የሚበላ ሠራተኛ፣ በሳምንት ያወጣውን ቢደምር ደመወዙ ላይ የሚያየው ጉድለት ቀላል አይሆንም። የጾም ኬክ አለ፤ የጾም ማኪያቶ አለ፤ በአኵሪ አተር ወተት የሚሠራው ማኪያቶ ከላሙ ወተት የሚወደድበትም ጊዜ አለ። ስለ ዓሣ ያለው ክርክር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም፤ ስለ ዋጋው ግን አንድ ጊዜ ምግብ ቤት ገብቶ ጠይቆ መውጣት ይበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከዓመታት በፊት አንድ ሁዳዴ በዚህ መንገድ አሳልፎ፣ በመጨረሻ ሲቈጥረው ከፍስኩ ወር የበለጠ አውጥቶ ተገኝቷል። የታሸገ ብስኩትና ዳቦ የሚገዛም ሰው በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ልማድ ሊያደርግ ይገባዋል፤ የወተት ዱቄት፣ እንቁላልና ቅቤ ባልተጠበቀ ቦታ ተጽፈው ይገኛሉና። ቆሎና ንፍሮ በኪስ ይዞ መውጣት እንደ ድኽነት የሚታይበት ጊዜ ካለ፣ ያ ጊዜ ማለፍ አለበት።

በሌላው ዓለም ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ ፈጽሞ የማይበሉ ሰዎች እየበዙ መሆናቸው ይሰማል። «ቪጋን» ይባላሉ፤ ቃሉም በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1944 በዚህ ስም ከተቋቋመው ማኅበር ጋር የተወለደ ነው። ምክንያታቸው ከእኛ ይለያል፤ ለእንስሳት ማዘን፣ ጤና፣ ወይም የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። የሚያማርሩበት ነገር ግን ለእኛ እናቶች አዲስ አይደለም። ሥጋ የሚመስል ሥጋ ያልሆነ፣ ዓይብ የሚመስል ዓይብ ያልሆነ ነገር ሲገዙ ኪሳቸው ይራቈታል፤ ምስርና ባቄላ ማብሰል የተማሩት ደግሞ ይቀላቸዋል። በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች ያሉ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ከነዚህ ሰዎች ብዙ ደንበኛ አፍርተዋል፤ ረቡዕና ዓርብ ለእኛ የሚሠራው በያይነቱ ለእነርሱ የሰባቱም ቀን ምሳ ሆኗል። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶቻችን ነገር ግን ከዚህ የራቀ ነው። ቀን ሙሉ ሥጋ ሲያበስሉ ውለው፣ ጨውን እንኳ ቀምሰው ማወቅ ሳይችሉ፣ ማታ ከአገር ቤት በሻንጣ ጥግ ተሸጕጦ የመጣላቸውን ሽሮ በትንሽ ድስት ይሠራሉ። ያ ሽሮ ካለቀ የሚቀረው ሩዝና እንጀራ ያልሆነ ቂጣ ነው።

ወደ ጤናው እንለፍ፤ በዚህ በኩል ቸልተኝነት ያስከፍላልና። እንጀራና ሽሮ ሲገናኙ መልካም ማዕድ ናቸው፤ እህሉ የሚያንሰውን የሰውነት መገንቢያ ጥራጥሬው ይሞላዋል። ምስር ሳይበስል ከክብደቱ ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ሊጡ በእርሾ መቡካቱ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በተሻለ እንዲያገኘው ይረዳል። ነገር ግን ከበሉ በኋላ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ መጠጣት ይህንኑ ብረት ያስቀራል፤ ቡናውን ሰዓት ያህል ማዘግየት፣ በአዚፋውና በሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ ይበጃል። ቫይታሚን ቢ 12 የተባለው ከእንስሳት ምግብ የሚገኝ ነው፤ ጤናማ ሰው በጉበቱ ያከማቸው ለረጅም ጊዜ ስለሚበቃው በ55 ቀን ጾም አይጐዳም። ዓመቱን ሙሉ ፍስክ የማይነካ ሰው ግን ሐኪም ሊያማክር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያን ለሕመምተኛ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለአራስና ዕድሜያቸው ሰባት ላልሞላ ሕፃናት የምታደርገውን ርኅራኄ ሁሉም ያውቃል፤ በጎረቤት ዓይን ፍርሃት ግን የማይቀበለው ብዙ ነው። የደም ማነስ ያለባት እናት ለንስሐ አባቷ ሳትነግር ስትጾም ጽድቅ የሚመስለው ነገር ሕፃኑን ሊጐዳ ይችላል። የስኳር በሽታ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወጋ ሰውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ከመዋሉ በፊት ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም ይጠይቅ። ሁለቱ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይደሉም።

በርካሽ የሚገኝ ሽሮ ለማግኘት ስንል ልንጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ጓያ ነው። ጓያ በድርቅ የማይሞት፣ ለድኻ ገበሬ የመጨረሻ መሸሸጊያ የሆነ እህል ነው፤ ሽሮው ይጣፍጣል። ሌላ ምግብ ጠፍቶ ለወራት ዋና መብል ሲሆን ግን እግርን ሽባ ያደርጋል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ በደንቢያና በፎገራ በክፉ ዘመን ብዙ ጐበዞችን በበትር እንዲሄዱ ያደረገ እርሱ ነው። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ማመሱ ብቻውን ግን አይበቃም። አልፎ አልፎ ቢበላ የሚያሠጋ ባይሆንም፣ ተፈጭቶ የተገዛ ሽሮ ውስጥ ምን እንዳለ ማየት አይቻልም። እህሉን በዓይን አይቶ ገዝቶ ማስፈጨት የሚመረጠው ስለዚህ ነው። አቅም የሌላቸው ጎረቤቶች ተዋጥተው አንድ ኩንታል ሽምብራ ገዝተው ቢካፈሉ ይቻላል። ሁዳዴ ደግሞ በዚህ በኩል ደግ ጾም ነው፤ የጥራጥሬው አዝመራ በተሰበሰበ ማግሥት ይገባል። ሰኔ ላይ የሚውለው ጾመ ሐዋርያትና የነሐሴዋ ፍልሰታ ጎተራው በጐደለበት ክረምት ስለሚመጡ የሚከብዱት እነርሱ ናቸው። የክረምቱን ሽሮ በበጋው ፀሐይ አድርቆ ማስቀመጥ የእናቶቻችን ብልሃት ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያመጣናል። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጸሎት በ14ኛው አንቀጽ፣ ስለ ጾም በ15ኛው፣ ስለ ምጽዋት በ16ኛው ይናገራል፤ ሦስቱ ጎን ለጎን የተቀመጡት በአጋጣሚ አይመስለንም። ነቢዩ ኢሳይያስም በ58ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለራበው መቍረስ መሆኑን ያስተምራል። ከጾሙ የተረፈው ለድኻው ነው። የሚተርፍ ነገር ከሌለስ? ዘይቱና ሽንኩርቱ የሥጋውን ቦታ ከወሰዱ፣ በበያይነቱና በጾም ማኪያቶው ኪሱ ከተራቈተ፣ ለነዳያን የሚደርሰው ምንድን ነው? አንዳንድ ሰው «እኔው ራሴ ድኻ ነኝ» ይላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጠየቅናቸው እማማ ይህን አነጋገር አልተቀበሉትም። በጎጃም ሳሉ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ትልቅ ገንቦ የተልባ ውሃ በጥብጠው ለተማሪዎችና ለመንገደኞች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ያቀርቡ እንደ ነበር ነገሩን። «አንድ ጣሳ ተልባ ነው የሚፈጀው» አሉ። «ቆሎ ተማሪ ተልባ ጠጥቶ ሲመርቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ምራቲቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ከዚያም ጀሪካኑን አንሥታ በብርሃን በኩል አየችው። «በ27 ቀን ውስጥ ሁለት ሊትር ከቀነስኩ» አለች ቀስ ብላ፣ «የዚያን ዋጋ ለይቼ አስቀምጣለሁ።» ባለቤቷ ስንት እንደሚሆን ሊያሰላ ጀመረ፤ አማቷም «አትቁጠረው ልጄ» አሉት።

በሚመጣው እሑድ ገብር ኄር ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ኒቆዲሞስ፣ ከዚያም ሆሳዕና። በሕማማት ሰሞን ወጥ የሚሠራበት ቤት ጥቂት ስለሆነ ዘይቱ በራሱ ጊዜ ያርፋል። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን የሚሆነውን ባቄላና ስንዴ ግን ከአሁኑ መግዛት ይሻላል፤ በመጨረሻው ሳምንት ሁሉም ወደ ገበያ ይወጣልና። ባቄላው ማክሰኞ ማታ ይዘፈዘፋል፤ ረቡዕ ይፈለፈላል። ጉልባን ደግሞ ጨው እንጂ ዘይት አይገባበትም። ጎረቤታችን ቤት ሁለት ጣሳ ባቄላ ተለክቶ ተቀምጧል፤ አንዱ ጣሳ የቤቱ ነው፤ ሌላኛው በዕለቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በመንገዱ ዳር ለሚያገኟቸው ነው። ዘነዘናውን የያዘው ልጅ የሚፈለፍለው የትኛውን እንደ ሆነ ጠይቆ ነበር፤ አያቱ «ሁለቱንም» አሉት።